ይታየሽ የከለከለችው ፓስወርድ

ይታየሽን ወድጃት አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የምነግራችሁ ነገር ለእሷ ያደላ እንዳይመስላችሁ ነው። ሰቆጣ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። የእድራችን ጸሐፊ ሳለሁ የጻፍኩትን ቃለ ጉባኤ ተቀብላ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እንደ ተማሪ ደብተር በቀይ እስክርቢቶ አርማ መለሰችልኝ። አሥራ አራት ስሕተት። ቁጥሩን ከታች ጽፋ ከበበችው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ከአንገት በላይ ነው።

ባሏን ቢያዝንን ግን የሚጠላው ሰው የለም። አናጢ ነው። ውሎው ግቢው ውስጥ ከእንጨቱ ጋር ነው፤ ከሰው ጋር ብዙ አያወራም። በዚያ ቤት የምትናገረው ይታየሽ ናት።

የተወለደችው ጋዝጊብላ ነው። አፏን የፈታችው በአካባቢያችን ቋንቋ፣ በኽምጠኛ ሲሆን፣ አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ፣ በኩርኩም ነው። ከዚያ ራሷ መምህርት ሆነችና ሃያ ሦስት ዓመት አስተማረች። በጦርነቱ ጊዜ ትምህርት ቤቷ ተዘረፈ፤ ወንበሩም መጽሐፉም ሄደ። ጉልበቷም እየከፋባት መጣና ማስተማሩን ተወችው። ቤት ዋለች እንጂ አላረፈችም። የኽምጠኛ ቃላትን ከሽማግሌና ከባልቴት አፍ መልቀም ጀመረች። በስልኳ ድምፃቸውን ትቀዳለች፤ ቤቷ ገብታ ወደ ኮምፒውተር ታስገባና ቁጭ ብላ ቃል በቃል ትጽፈዋለች። የዝናቡን ዓይነት፣ የከብቱን መልክ፣ ሕፃን ሲታመም የሚባለውን፣ ለሙሽራ የሚመረቀውን። ሥራው ሥራ ነው። ክፉው አነጋገሯ ነው። አንዲት ባልቴት ጨዋታዋ ደርቶ ሳለ አንድ የአማርኛ ቃል ጣል ካደረገች፣ «ይህ የእኛ ቃል አይደለም፤ እንደገና ይበሉት» ብላ ታቋርጣታለች።

ኮምፒውተሩን የላከችላት ልጇ ፀጋ ናት። ፀጋ ባሕር ዳር ውስጥ ኮምፒውተር ትጠግናለች። አንድ መሥሪያ ቤት ያስወገደውን አሮጌ ማሽን አድሳ በአውቶቡስ ላከችው፤ ሳሎኑ ጥግ ቢያዝን በሠራው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ፓስወርድ አልነበረውም። ከቤቱ ሰው ማንም ቢከፍተው በአንድ በር ይገባል፣ የፈለገውን ይጭናል፣ የፈለገውን ያጠፋል።

የቤቱ ሰው ስል በተለይ ደግሰውን ማለቴ ነው። ደግሰው የቢያዝን ታናሽ ወንድም ነው። ሰባት ዓመት ዓረብ አገር ሠርቶ፣ ተይዞ፣ አንዲት ሻንጣ ይዞ ተመለሰና ወንድሙ ቤት ገባ። ሥራ ፈልጎ ሲያጣ በዚያ ኮምፒውተር ለሰው ስልክ ፊልምና ዘፈን መጫን ጀመረ። በገበያ ቀን ከሰሃላ በእግራቸው የመጡ ጎረምሶች ሳይቀሩ እህል ጭነው መጥተው ዘፈን ጭነው ይመለሱ ነበር። ሚሞሪው ከማን ስልክ እንደ ወጣ፣ ቀድሞ የት ተሰክቶ እንደ ነበር የሚጠይቅ የለም። ሁሉም እዚያች ማሽን ላይ ይሰካል።

ያን ጊዜ ደግሰው ይታየሽን «እትዬ» ነበር የሚላት፣ በአንቱታ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይታየሽ ኮምፒውተሩን ስትከፍት ፎልደሮቿ ቢነኩ አይከፈቱም። ደግሰው «ቫይረስ ነው፤ አይጨነቁ፣ እኔ አጸዳዋለሁ» አላት። ከአንድ ደንበኛ ፍላሽ ላይ ማጽጃ ነው የተባለ ነገር አምጥቶ ሊጭን ጀመረ። ማሽኑ ልጫነው ወይ ሲለው አዎ አለ። እርግጠኛ ነህ ወይ ሲለው አሁንም አዎ አለ። ማጽጃው እስከ ምሳ ሰዓት ሲሠራ ቆየ፤ ሲጨርስ በእርግጥም አጽድቶት ነበር። አንድም ነገር አልቀረም።

የጠፋው የአራት ወር ሥራ ነው። ከጠፋው ውስጥ የወለተ ሐና ድምፅ ነበረበት። ወለተ ሐና የቢያዝንና የደግሰው እናት ናቸው። በኅዳር ያረፉ ጊዜ እኔም ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ከማረፋቸው በፊት ይታየሽ ዘጠኝ ቀን ጠዋት ጠዋት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ቀድታቸዋለች። ስልኳ ሲሞላባት ደግሞ ከስልኳ ላይ አጥፍታዋለች። ሌላ ቅጂ አላስቀመጠችም። ይህ ጥፋት የእሷ ነው፤ ራሷም አትክደውም። ፀጋ በምትኩ ሌላ ዲስክ ልካ፣ የጠፋበትን ባሕር ዳር አስመጥታ ሁለት ሳምንት ታገለች። ያወጣችው አሥራ አንድ ሴኮንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሳል ነው።

በግድግዳችን የሚያልፍ ድምፅ ሁሉ ይሰማኛል። ፀጋ ይህን በስልክ የነገረቻት ቀን ይታየሽ ደግሰውን ጠራችው።

«የእናትህን ድምፅ ቀበርከው» አለችው።

«እናቴ ናት። ድምጿም የእኔ ነው» አለ። «አንቺ ምን አገባሽ?»

አንቺ ያላት ያን ቀን ነው። ቢያዝን ወጣ፤ ወዲያው የመላጊያው ድምፅ ከግቢ ተሰማ። እስኪመሽ አላቆመም።

በማግሥቱ ይታየሽ ኔትወርክ ፍለጋ ግቢዋ መሐል ቆማ ከልጇ ጋር ስታወራ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሽንኩርቴን እኮተኩት ነበር። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋዋለች።

«እማ፣ ጥፋቱ የአጎቴ ብቻ አይደለም» አለች ፀጋ። «ሁላችሁም የምትገቡት በባለቤት ሥልጣን ነው። አጎቴ አዎ ሲል ማሽኑ ጌታዬ አዘዘኝ ብሎ ይሠራል። ከሚሞሪ የመጣ ቫይረስም በዚያው ሥልጣን ነው የሚያዘው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ለየሰው የየራሱን አካውንት እንክፈት፣ ሥልጣኑ የተወሰነ። ፊልሙን ያያል፣ ዘፈኑን ይጭናል፣ ይጽፋል። አዲስ ፕሮግራም ልጫን ሲል ግን ፓስወርድ ይጠየቃል። የሌላውን ሰው ፎልደርም መክፈት አይችልም። ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት ለብቻው ይቀመጣል፤ ፓስወርዱ የሚገባው ፕሮግራም ሲጫን ብቻ ነው። ሌላ ሥራ በእሱ አይሠራም።»

«ደግ። እሱን ለእኔ አድርጊው።»

«አይ እማ። አንቺም የምትሠሪው በተወሰነው ነው።»

«በገዛ ቤቴ?» አለች ይታየሽ።

«አንቺም ትሳሳቻለሽ። ባለፈው ሽልማት ደርሶሻል የሚለውን የነካው ማን ነበር?»

ይታየሽን ሰው ሲያርማት ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ልጅቱ በስልክ እየመራቻት፣ መብራቱ ሁለት ጊዜ እየጠፋባቸው፣ ከሰዓቱን ሙሉ ሠሩት። ሲጨርሱ ማሽኑ ሲከፈት አራት ስም የሚያሳይ ሆነ፤ ይታየሽ፣ ቢያዝን፣ ደግሰውና አስተዳዳሪ የሚባል አራተኛ። የአራተኛው ፓስወርድ ይታየሽ ዘንድ ቀረ። ከዚያ ወዲያ የምትቀዳውን ሁሉ በፍላሽ ገልብጣ ሳጥኗ ውስጥ መቆለፍም ጀመረች።

ሰኞ ዕለት ሁለት ደንበኞች ጌም ሊያስጭኑ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ደግሰው በመጀመሪያ ጌም ወደ ስልክ የሚያሳልፍ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ሊጭን ሞከረ። ፓስወርድ ጠየቀው።

«ፓስወርዱን ንገሪኝ» አላት።

«ልትጭን የፈለግኸው ምንድን ነው?»

«አንቺን ላስፈቅድ?»

«ከየት እንደ መጣ ንገረኝ፤ ፀጋን እጠይቃለሁ። ደኅና ነው ካለች ራሴው እጭንልሃለሁ።»

«ሰው ፊት?» አለ ደግሰው። ደንበኞቹ በር ላይ ቆመዋል። «ሰባት ዓመት የሰው ቤት በር ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። የሰው አገር ሰው ቁልፍ ከለከለኝ፤ ቻልኩት። አሁን ደግሞ በእናቴ ልጅ ቤት!»

«ዘፈንህን መጫን ማን ከለከለህ? ጫን እንጂ። የማላውቀውን ነገር ግን ቤቴ አታስገባም።»

«ቤቴ አልሽ?»

«አዎ፣ ቤቴ አልኩ።»

ደንበኞቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያ ቤት ጦር ሜዳ ሆነ። እሷ ስትጽፍ እሱ ሶኬቱን ይነቅላል። እሱ ለምሳ ሲደርስ እሷ ምግቡን ከድና ታስቀምጥለትና ፊቷን አዙራ ትወጣለች። ፓስወርዱን በግምት ሊያገኘው የታቦቱን ስም፣ የእናቱን ስም፣ የፀጋን የልደት ቀን እየሞከረ ማሽኑን አደነዘዘው። አንድ ቀን ወረቀት ላይ «የመምህርት ይታየሽ እስር ቤት» ብሎ ጽፎ የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ለጠፈበት። አንድ ፊደል ገድፎ ነበር። አርማ መልሳ ለጠፈችው።

ሽማግሌ የጠራው ራሱ ደግሰው ነው። የነፍስ አባታቸው ቄስ ደሞዝ፣ አንድ የሰፈራችን ነጋዴና እኔ ተቀመጥን። እኔን የመረጠኝ እንደማልወዳት ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

«አባቴ፣» አለ ደግሰው፣ «እሷ ንግሥት ሆና እኛን ሎሌ አደረገችን። የወንድሜ ቤት ውስጥ ተቆልፎብኛል።»

ቄስ ደሞዝ ወደ ይታየሽ ዞሩ። «እውነት ነው?»

ይታየሽ ተነሥታ ጉልበቷን እየጎተተች ሄደችና ኮምፒውተሩን በራሷ ስም ከፈተችው። ደግሰው ያን ቀን ሊጭነው የነበረውን ዓይነት ነገር ልጫን ብላ ነካች። ማሽኑ ፓስወርድ ጠየቃት። «እኔንም ይኸው እንዲህ ይለኛል» አለች። «የእኔም ሥልጣን እንደ እሱ ነው። ቢያዝንም እንደዚያው።»

ነጋዴው ራሱን ነቀነቀ። ደግሰው ግን ሞኝ አይደለም። «ፓስወርዱ ያለው በማን እጅ ነው?» አለ።

«በእኔ» አለች።

«ታዲያ እንደ እኔ ነሽ ወይ?»

«እውነቱን ነው» አልኩ እኔ፣ ትንሽ ቸኩዬ። ይታየሽ እንዴት እንዳየችኝ አልረሳውም።

«የቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት ሁለት ቁልፍ አለው» አሉ ቄስ ደሞዝ። «አንዱ በእኔ፣ አንዱ በሌላ ሰው እጅ ነው። ቄስ ነኝ፤ ብቻዬን ግን አልከፍተውም። ይህን ንቀት ነው ብዬ አላውቅም። እንዲያውም አንድ ነገር ቢጠፋ ብቻዬን እንዳልጠረጠር እኔኑ ይጠብቀኛል። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። የፓስወርዱን እኩሌታ ይታየሽ ትያዝ፣ እኩሌታውን ቢያዝን ይያዝ። የሚጫን ነገር ሲኖር ሁለቱም ተቀምጠው ይክፈቱት።»

«ሃያ ሦስት ዓመት ስንት ልጅ በአደራ ጠብቄ በአንድ ማሽን አልታመንም?» አለች ይታየሽ። ፊቷ ተለዋወጠ። ቢያዝን ግን ከወንበሩ ሳይነሣ «እይዛለሁ» አለ። ስለዚህ ጉዳይ ሲናገር የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ነው። እሷም ተቀመጠች።

«ለእኔስ ስንት ፊደል ደረሰኝ?» አለ ደግሰው።

«ለአንተ አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ ነው የደረሰህ» አሉት ቄሱ። «የእናትህ ድምፅ በእጅህ ጠፍቷል፤ አስበህበት ባይሆንም።»

ደግሰው ተነሣ። ጫማውን በር ላይ እየተጫማ «እርስዎም ከእሷ ጋር ነዎት» ብሎ ወጣ። እርቁ በዚያው ፈረሰ።

በዐቢይ ጾም፣ በሦስተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን ነው የባሰው የመጣው። ከአበርገሌ ፍየል ሊሸጥ የመጣ አንድ ሰው ዘፈን ሊያስጭን ሚሞሪውን ሰጠው። ደግሰው ሚሞሪው ላይ አዲስ ፊልም የሚመስል ነገር አየና ለራሱ ሊያስቀር ነካው። ፊልም አልነበረም። ዓይኑ እያየ የፋይሎቹ ስም ሁሉ ወደማይነበብ ፊደል ተለወጠ፤ አንዱም አልከፈት አለ። መስታወቱ ላይ ገንዘብ ክፈል የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ።

ፊልሙና ዘፈኑስ ተመልሶ ይገኛል። ደግሰው ግን የዓረብ አገር ፎቶዎቹን እዚያ አስቀምጦ ነበር። አብረውት በረሃውን አቋርጠው ያልተመለሱ ሁለት ጓደኞቹ ያሉበት ፎቶ ሌላ ቦታ አልነበረውም።

ጩኸቱን ሰምቼ ስገባ ስክሪኑን ከነገመዱ ከራሱ በላይ አንሥቶት ነበር። ይታየሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ አልሸሸችም። «ሠርተሽብኝ ነው! አውቀሽ ነው!» ይላታል። ቢያዝን መላጊያውን እንደያዘ ከግቢ ገባ።

«አስቀምጠው» አለ።

ደግሰው ወንድሙን አየው። አስቀመጠው።

ይታየሽ በራሷ ስም ገባች። ድምፆቿ ሁሉ፣ የጻፈቻቸው ቃላት ሁሉ በቦታቸው ነበሩ። ዝም ማለት ነበረባት። እኔ እንኳ በዓይኔ ዝም በይ ብያታለሁ። እሷ ግን ዞር ብላ «አየህ?» አለችው።

«አያችሁ!» አለ ደግሰው ወደ እኛ። «የእሷ ተርፎ የእኔ ብቻ ለምን ጠፋ? ራሷ ናት! ከዚህ ሌላ ምስክር ምን ትፈልጋላችሁ?»

ለፀጋ ደወልንላት። ልጅቱ በትዕግሥት አስረዳችው። «አጎቴ፣ የነካኸው ነገር የሠራው በአንተ ሥልጣን ነው። የአንተ ሥልጣን ስለ ተወሰነ ወደ እማ ክፍል መግባት አልቻለም። እንደ ድሮው ብትሆኑ ሁሉም ይሄድ ነበር።» ቃሏን ሳትጨርስ ዘጋባት። ያኔ እኔም ነገሩ በደንብ ገባኝ። ይታየሽ ያቆመችው ግድግዳ አንዱን ክፍል ከሌላው ክፍል እሳት ጠበቀው እንጂ፣ እሳት የተነሣበትን ክፍል አላዳነም። በተቃጠለው ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ይህን በምን ልብ ይስማ?

በማግሥቱ ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ ቤት ተከራየ።

ሄዶም አልተዋትም። ሻይ ቤቱ ሁሉ ወሬው ደረሰ፤ የይታየሽ ማሽን ድምፅ ይበላል ተባለ። የአማቷን ድምፅ በላ፣ የአማቷን ልጅ ትዝታ በላ፣ የእሷን ግን አይነካም፤ መተት ካልሆነ ምንድን ነው? ነገሩ እውነት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ስንት ጊዜ ሲወራ ሰምቼ ዝም እንዳልኩ እኔና እግዚአብሔር ነን የምናውቀው። ባልቴቶቹ በሯን ማንኳኳት ተዉ። በመንገድ ስታገኛቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ።

ሰው ወደ እሷ ባይመጣ እሷ ወደ ሰው ሄደች። በዚያ ጉልበቷ ዱላ ይዛ ገበያ መዋል ጀመረች። ባንቺ የምትባል ማር የምትሸጥ ባልቴት አለች፤ አንደበቷ ከይታየሽም የከፋ ነው። አንድ ቀን ይታየሽ አጠገቧ ስትቆም፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ፣ በኽምጠኛ ሰደበቻት። ስድቡን እዚህ አልጽፈውም። እኔ ኽምጠኛ እሰማለሁ፤ ከመሐሉ አንዱን ቃል ግን ሰምቼው አላውቅም።

ይታየሽ ስልኳን አወጣች። «እማማ፣ እንደገና ይበሉልኝ» አለች። «የመጨረሻውን ቃል ከአያቴ ወዲህ ከማንም አልሰማሁትም።»

ባንቺም ቀጥላ ሌላ ጨመረችላት፣ የባሰውን። እንዲህ እየሰደበቻት አንድ ሰዓት ያህል አወሩ። ሁለቱም አልሳቁም። ይታየሽ በየሳምንቱ እየሄደች ስትሰደብ ከረመች፤ ሌሎቹ ባልቴቶችም የባንቺ ድምፅ እንዳልጠፋ አይተው አንድ ሁለት እያሉ ቀረብ አሉ።

ደግሰው ከዓመት በኋላ የራሱን ኮምፒውተር ገዝቶ በተከራያት ክፍል ሥራውን ቀጠለ። አንድ ቀን የጡረታ ወረቀቴን ላሳትም ሄድኩ። የሚጽፍልኝ ልጅ የአታሚውን ፕሮግራም ሊጭን ሲል ፓስወርድ ጠየቀው። ደግሰው ከውጭ መጣና የመጻፊያ ሰሌዳውን ወደ ራሱ ስቦ፣ በአንድ እጁ እየከለለ ጻፈ፤ አታሚውም ወረቀቴን አወጣ።

«ይህን ከማን ተማርክ?» አልኩት።

«ወረቀትዎ ታትሟል» አለኝ። በሩን እያየ ቆመ፤ እኔም ወጣሁ። ፀጋን ስጠይቃት አጎቷ ይህንኑ እንድታሳየው አንድ ጊዜ ደውሎላት ነበር፤ ለእናቷ እንዳትነግር አስምሏታል። እኔ አልማልኩምና ለይታየሽ ነገርኳት።

«አያ መንግሥቴ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለችኝና በሯን ዘጋችው።

ሁለቱ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። በፋሲካ አንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ፤ አንዱ በወንዶች በር፣ አንዷ በሴቶች በር ወጥተው በተለያየ መንገድ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ቢያዝን ግን በሳምንት አንድ ቀን መሣሪያውን አስቀምጦ ወደ መናኸሪያው ይወርዳል፤ ከወንድሙ ጋር ምሳ በልቶ ይመለሳል። ይታየሽ የት እንደ ዋለ አትጠይቀውም።